ምልክት ቋንቋ ደግሞ ዲግሪ አለው እንዴ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ልጆች ምን እንደሚያጠኑ የሚያስቡበት ሰሞን ደሴ ላይ ካፌው ሁሉ የምክር ቢሮ ይሆናል። ፒያሳ አንዱ ጋ ቁጭ ብላችሁ ማኪያቶ ስትጠጡ፣ ጎናችሁ ያለው ጠረጴዛ ላይ አጎት የወንድሙን ልጅ ሲመክር ትሰማላችሁ። «ሕግ ግባ»፣ «አካውንቲንግ መቼም አይጥልህም»፣ «ጤና ከደረሰህማ አብሽር፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ»። አንዷ ልጅ «እኔ እንኳ ምልክት ቋንቋ ላጥና ብዬ ነበር» ያለች እንደሆነ ወሬው ይቆማል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «እሱ ደግሞ ዲግሪ አለው እንዴ? በሁለት ወር ኮርስ የሚለመድ ነገር አይደል?»

አለው። አራት ዓመትም አይበዛበትም። ለምን እንደማይበዛበት ለማስረዳት ከእጅ ምልክቱ በፊት ከልጁ መነሳት ይሻላል።

ቋንቋ ሳይዝ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ

ባቲ፣ ሰኞ ገበያ ላይ የሚያድግ ልጅ አስቡ። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አፋርኛው ሁሉ በጆሮው ይገባል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። እናቱ ከደንበኛ ስትከራከር፣ ባለግመሉ ሲሳደብ፣ ሴቶች ቡና ላይ ሰው ሲያሙ እየሰማ ነው የለመደው። ሰባት ዓመት ሞልቶት ትምህርት ቤት ሲገባ በሺህ የሚቆጠር ቃል ይዞ ነው። ከመምህሩ የሚጠበቀው አፉ ላይ ያለውን ቋንቋ ወደ ፊደል ማምጣት ነው።

እዚያው ገበያ ውስጥ ደግሞ መስማት የማይችል ልጅ አስቡ። ዓይኑ ሁሉን ያያል። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ግን አንድም ቃል አይደርሰውም። ከእናቱ ጋር የሚግባባው ቤት ውስጥ በተፈጠሩ ጥቂት ምልክቶች ነው። እጅ ወደ አፍ ሲሄድ «ብላ»። ሁለት ጣት ግንባር ላይ ሲቆም «ላሚቷ»። መዳፍ ወደ ውጭ ሲወዛወዝ «ሂድ»። ለዕለት ኑሮ ይበቃሉ። እናቱም «ኧረ እኔና ልጄ በዓይን እንግባባለን» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ነገር ግን «አምና»ን፣ «ለምን»ን፣ «እንዲህ ባይሆን ኖሮ»ን በእነዚህ ምልክቶች ማስረዳት አይቻልም። አያቱ ሲሞቱ የት እንደሄዱ የሚነግረው የለም። ሰው ተሰብስቦ ሲያለቅስ ያያል፣ ምክንያቱን አያውቅም። የራሱን ስም ሳያውቅ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሚሞላው ልጅም አለ።

ይህ የፍቅር ጉድለት አይደለም። መስማት ተስኗቸው ከሚወለዱ ሕፃናት ከ100ው ከ90 በላይ የሚሆኑት ወላጆቻቸው የሚሰሙ ናቸው ይባላል። ወላጆቹ ምልክት ቋንቋ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ሌሎች ልጆች ደግሞ ሲወለዱ ደህና ይሰሙ የነበሩ ናቸው። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ ሳይታከም የቆየ የጆሮ ምግል፣ አንዳንዴም እንደ ጄንታማይሲን ያለ መድኃኒት ጆሯቸውን ወስዶባቸው ነው። ነገሩ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ሲጠሩት ካልዞረ «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ይባላል። ሁለት ዓመት ሞልቶት ካልተናገረ «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ይባላል። ጸበሉም ዱዓውም ይሞከራል። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት አምስት ዓመት ያልፋል። ክፋቱ፣ አእምሮ ቋንቋን ያለ ችግር የሚቀበልባቸው ዓመታት እነዚሁ ናቸው።

እንግዲህ መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምር ሰው ክፍል ሲገባ የሚጠብቀው ሥራ ይህ ነው፦ ለልጁ የመጀመሪያ ቋንቋውን መስጠት። ሂሳቡም ሳይንሱም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። የሁለት ወር ኮርስ የወሰደ ሰው ሰላምታ፣ ቁጥርና የቤተሰብ ስም ያውቃል። ቋንቋ ለሌለው ልጅ ቋንቋ መስጠት ግን ሌላ ሙያ ነው።

ቋንቋ ደግሞ ከአንድ መምህር ብቻ አይገኝም። እኩያ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኒካራጓ፣ ማናጓ ላይ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። መምህራኑ የሚያስተምሩት ከንፈር ማንበብና ስፓኒሽ ነበር። ብዙም አልተሳካም። ልጆቹ ግን በግቢውና በአውቶቡሱ ውስጥ፣ ከየቤታቸው ያመጡትን ምልክት እየቀላቀሉ የራሳቸውን መግባቢያ ሠሩ። ከኋላ የገቡት ትንንሾቹ ሰዋስው ጨመሩበት። ዛሬ የኒካራጓ ምልክት ቋንቋ የቋንቋ ተመራማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ይህን ካያችሁ በኋላ የእኛን አገር «አካቶ ትምህርት» አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል። ሐሳቡ እያንዳንዱ ልጅ በቀዬው፣ ከእኩዮቹ ጋር ይማር ነው። በክራንች ለሚሄድ ልጅ ግሩም ነው። መስማት የተሳነውን ልጅ ግን ብቻውን ስልሳ የሚሰሙ ልጆች መሃል አስቀምጦ ተካቷል ማለት፣ በእኔ እይታ ወንበር መስጠት ብቻ ነው። የሚያወራው ሰው የለውም። በሌላ በኩል ከደላንታ ወይም ከወግዲ ገጠር ስምንት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ደሴ ወዳለ ልዩ ክፍል መላክ ማለት ዘመድ ቤት ማስጠጋት ወይም ቤት መከራየት ማለት ነው። የትኛው ወላጅ ይችለዋል? ዲግሪውን የሚያጠኑ ሰዎች ክፍል ውስጥ የሚከራከሩበት ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። እስካሁን የተቆረጠ መልስ የለውም።

«ከንፈር እያነበበ አይማርም?»

ይህም ሁሌ ይጠየቃል። መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታወጡ «መጣ» በሉ። ቀጥላችሁ «መታ» በሉ። ልዩነት አያችሁ? የለም። «ወንድምሽ መጣ» እና «ወንድምሽ መታ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። «በላ»ና «መላ»ም እንዲሁ። በ፣ መ፣ ፐ ሁሉም ከንፈር በመግጠም የሚወጡ ስለሆኑ ዓይን አይለያቸውም። ከ፣ ገ፣ ቀ ደግሞ ጉሮሮ አካባቢ ስለሚሠሩ ጭራሽ አይታዩም። አማርኛ እንደ ጠ፣ ጨ፣ ቀ ያሉ ፈንጂ ድምፆች ሞልተውታል፤ እነዚህን ከተ፣ ከቸ፣ ከከ የሚለያቸው ነገር ያለው ጉሮሮ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ መምህሩ ወደ ሰሌዳ ዞሮ እየጻፈ ያስረዳል። የደሴ ብርድ ሲመጣ ደግሞ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይጠቀለልበታል። ከንፈር ማንበብ አጋዥ ነው። ቋንቋውን ቀድሞ ለሚያውቅ ሰው የጎደለውን በግምት እንዲሞላ ይረዳዋል። ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ግን ምኑን ከምኑ ይገምታል?

የመስሚያ መሣሪያም ተመሳሳይ ገደብ አለው። ስለዚህ ነው የዚህ ዘርፍ ተማሪ ትንሽ ኦዲዮሎጂ፣ ማለትም ስለ መስማትና ስለ ምርመራው የሚያጠና ትምህርት፣ የሚማረው። የድምፅ መጠን በዴሲቤል ይለካል፤ መደበኛ የሰው ንግግር 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በተሻለው ጆሮው ከ35 ዴሲቤል በታች የሆነ ድምፅ የማይሰማውን ሰው ድጋፍ የሚያስፈልገው ብሎ ይመድባል። ከ80 በላይ ካልሆነ የማይሰማው ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ከፍተኛ ነው። መምህሩ ከሆስፒታል የመጣውን የመስማት ምርመራ ግራፍ አይቶ «ይህ ልጅ ፊት ወንበር ቢቀመጥና መሣሪያ ቢያገኝ ንግግር ይጠቅመዋል፣ ያኛው ግን በምልክት ነው መማር ያለበት» ማለት መቻል አለበት። መሣሪያው ድምፅ ያጎላል፣ አያጠራም። ክረምት ላይ ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲደበድበው የሚጎላው ዝናቡ ነው። ባትሪው ደግሞ ከሳምንት ሁለት ሳምንት አያልፍም። ባትሪ ሲያልቅ ልጁ መሣሪያውን ኪሱ ይከተዋል፣ በዚያው ይረሳል።

በእጅ የሚነገር ሰዋስው

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አማርኛን በእጅ መናገር ማለት አይደለም። የራሱ ሰዋስው ያለው ሌላ ቋንቋ ነው። ይህን ያልተቀበለ ተማሪ አራት ዓመት ሙሉ ይደናገራል።

ከሚያስደስተው ነገር እንጀምር፣ ከጣት ፊደል። ምልክት የሌላቸውን ስሞች በፊደል ለመጻፍ ያገለግላል፤ የተሠራውም ለራሳችን ፊደል ነው። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይሰጣል፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ግዕዝ ይሁን ካዕብ፣ ሳልስ ይሁን ራብዕ ያሳያል። ስለዚህ «ደሴ»ን ለመጻፍ ሁለት ምት ይበቃል፦ የደ ቅርጽ፣ ከዚያ የሰ ቅርጽ ከኃምስ እንቅስቃሴው ጋር። በላቲን ፊደል (Dessie) ከተማችንን የሚጽፍ ሰው ስድስት ፊደል በእጁ መሥራት ነበረበት።

ቀጥሎ ሰዋስው። «አልሰጠኋትም» የሚለውን ውሰዱ። አንድ ቃል ነው። ውስጡ ግን እኔ፣ እሷ፣ መስጠትና አለመሆን አሉበት። ምልክት ቋንቋም ይህን ሁሉ ባንዴ ይላል፣ በሌላ መንገድ። ተናጋሪው ቀደም ብሎ እሷን በስተቀኙ ያስቀምጣታል፣ ማለትም ወደዚያ ይጠቁማል። ከዚያ የ«መስጠት» ምልክት ከደረቱ ተነስቶ ወደዚያ ቦታ ይሄዳል፣ ጭንቅላቱም አብሮ ይነቀነቃል። አለቀ። ጭንቅላቱ ሳይነቀነቅ እጁ ከዚያ ተነስቶ ወደ ደረቱ ቢመጣ «ሰጠችኝ» ይሆናል። ፊትም የሰዋስው አካል ነው፤ ምልክቱ ሳይለወጥ በቅንድብና በጭንቅላት ብቻ ዐረፍተ ነገሩ ጥያቄ ይሆናል። ፊቱን ጨፍግጎ ምልክት የሚያሳይ ሰው ግማሹን አልተናገረም። (በነገራችን ላይ ጀማሪዎች ትልቁ ችግራቸው ይኸው ነው። ጣታቸው ቶሎ ይፈታል፣ ፊታቸው ግን ያፍራል።)

አሁን ወደ ደብተር እንሂድ። ስድስተኛ ክፍል የሆነ መስማት የተሳነው ተማሪ «እኔ ትናንት ገበያ ሄደ በግ አየሁ እናት» ብሎ ይጽፋል። ያልሠለጠነ መምህር በቀይ ይሰርዝና «ሰነፍ» ይለዋል። የሠለጠነው ግን ሌላ ነገር ያያል። ልጁ ጊዜውንም ቦታውንም ያውቃል፣ ማን ምን እንዳየም ያውቃል። የጎደለው «ሄድኩ» የምትለዋ «ኩ» እና «ከእናቴ ጋር» የሚሉት ቅጥያዎች ናቸው። እነዚህን ሰምቷቸው አያውቅም። ለእሱ አማርኛ በዓይን ብቻ የሚማረው ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ስለዚህ መምህሩ መጀመሪያ ታሪኩን በምልክት ያስነግረዋል፤ ከዚያ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ያሳየዋል። በሁለት ቋንቋ ማስተማር የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። ዲግሪው ውስጥ አንድ ኮርስ ብቻ ውሰዱ ብባል እኔ የምመርጠው ይሄን ነው።

ይህ ዘዴ ትናንት ነው ወንበር ያገኘው። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን ምልክት ቋንቋ ከክፍል እንዲወጣና ልጆች በንግግር ብቻ እንዲማሩ ወሰኑ። ውሳኔው በብዙ አገር ትምህርት ቤት አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ጥላውን አጥልቷል። እ.ኤ.አ. በ1960 ዊልያም ስቶኪ የተባለ፣ ጋሎዴት በሚባለው የአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ኮሌጅ የሚያስተምር መምህር፣ የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ እንደማንኛውም ቋንቋ መዋቅር እንዳለው በጥናት አሳየ። የዘርፉ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የሚላኑን ውሳኔ በይፋ የተቃወመው እ.ኤ.አ. በ2010 ካናዳ፣ ቫንኩቨር ላይ ነው። ወደ እኛ ስንመጣ፣ የመጀመሪያዎቹን ትምህርት ቤቶች የከፈቱት ሚሲዮናውያን ናቸው፤ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው ከረን ላይ ስዊድኖች፣ በኋላ አዲስ አበባ ላይ አሜሪካውያን። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ብዙ ምልክቶች ከአሜሪካ ምልክት ጋር የሚመሳሰሉት ከዚያ ነው። የቀረውን ተማሪዎቹ ራሳቸው፣ ከአገሩ ኑሮ እያወጡ፣ ጨመሩበት።

አስተርጓሚነት

ዲግሪውን ከሚይዙት መካከል ማስተማር የማይፈልጉ አሉ። አስተርጓሚ ይሆናሉ። ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ስብሰባ፣ ቴሌቪዥን፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ። ወሎ ላይ የሚሠራ አስተርጓሚ አርብ ኹጥባ፣ እሁድ ስብከት ሊያስተረጉም ይችላል፤ ለሁለቱም ቃላቱን አስቀድሞ ማጥናት አለበት።

ሥራው ከሚመስለው በላይ ያደክማል። በረጅም ስብሰባ ላይ ሁለት አስተርጓሚዎች በየ20 እና 30 ደቂቃው የሚፈራረቁት ለዚህ ነው። ከድካሙ የሚከብደው ግን ሚስጥሩ ነው። መስማት የተሳናት እናት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ብዙ ጊዜ የምታስተረጉምላት የአሥር ዓመት ልጇ ናት። ሐኪሙ ስለ ማህፀን ይጠይቃል፣ ልጅቷ ታፍራለች፣ እናትየዋም ታፍራለች፣ መልሱ ይዛባል። ወንድም ያስተረጎመ እንደሆነ ደግሞ ለእህቱ ይጠቅማታል ያለውን ብቻ ይነግራታል። የሠለጠነ አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ የሰማውን ይዞ ቡና ላይ አያወራም። ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ ቀላል አይደለም።

ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት

አገራችን ውስጥ ወደዚህ ሙያ የሚወስዱ ሁለት በሮች አሉ፤ ሰው ያምታታቸዋል። አንዱ የቋንቋው ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል የሚል የመጀመሪያ ዲግሪ ከፍቷል። እዚያ የሚጠናው የቋንቋው መዋቅር፣ የማኅበረሰቡ ታሪክና ትርጉም ነው። ሌላው ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት የሚባለው ነው፤ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ይህ ስለ ዓይነ ስውርነት፣ ስለ አእምሮ እድገት ውስንነት፣ ስለ ኦቲዝም ሁሉ ያስተምራል፤ መስማት መሳን ከውስጡ አንዱ ነው።

እንግዲህ ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው በር የገባ ሰው የትምህርት ዕቅድ ማዘጋጀት ያውቃል፣ እጁ ግን ሊደናቀፍ ይችላል። በመጀመሪያው የገባ እጁ ውሃ ነው፣ አንደኛ ክፍልን መደመር እንዴት እንደሚያስተምር ግን አልተማረ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ሁለቱንም አንድ ሰው ላይ ነው። ስለዚህ በየትኛውም በር ግቡ፣ ሌላኛውን በራሳችሁ ጊዜ መሙላት ይኖርባችኋል።

መስማት የተሳናቸው ልጆች ራሳቸው ይህን ማጥናት ይችላሉ ወይ? ይችላሉ፣ ተምረውም ተመርቀዋል። ለሕፃናቱ ደግሞ ከእነሱ የተሻለ መምህር አይገኝም። ብዙ ልጅ «አድጌ ምን እሆናለሁ» ብሎ የሚያየው ትልቅ ሰው በዙሪያው የለውም።

የሥራ ነገር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፣ አንቀጽ 24 ላይ፣ መንግሥታት ምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራንን እንዲቀጥሩ ያዛል። ፍላጎቱም አለ። ከመጀመሪያ ደረጃ ልዩ ክፍል ወጥቶ 9ኛ ክፍል የገባ ተማሪ፣ አስተርጓሚ በሌለበት ክፍል የጎኑን ልጅ ደብተር እየገለበጠ ነው የሚማረው። ይሁን እንጂ ፍላጎት መኖሩና የሥራ መደብ መከፈቱ አንድ አይደሉም። የምትኖሩበት ዞን ትምህርት መምሪያ ሄዳችሁ «ለዚህ ሙያ መደብ አላችሁ? በየትኛው ደረጃ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲመረቁ ከመጠየቅ አሁን ይሻላል።

ዲፓርትመንቱንም ጠይቁ። ዘንድሮ ተማሪ ይቀበላል ወይ? በአራቱ ዓመት ውስጥ ምልክት ቋንቋው ራሱ ስንት ሴሚስተር ይሰጣል? አንድ ኮርስ ብቻ ከሆነ እጃችሁ አይፈታም። ከመምህራኑ መካከል መስማት የተሳነው አለ? ከሌለ፣ ቋንቋውን ከሁለተኛ እጅ ነው የምትማሩት። የመጨረሻው የልምምድ ጉዳይ ነው። የሚልኳችሁ መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደሚማሩበት ክፍል ካልሆነ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ፈልጉ።